የሰይድ ክርስትና

በሁለት ሺህ አሥራ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ ጥቅምት በገባ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ከመተማ ዮሐንስ ማዶ በሱዳን ምድር የተንጣለለው የሰሊጥ ሜዳ ለአጨዳ ደርሶ ነበር፤ በወረርሽኙ ምክንያት ድንበሩ በሕግ ቢዘጋም፣ የቀን ሠራተኛው እንደ ወትሮው በቁጥቋጦው ውስጥ እየሾለከ ይሻገር ነበር። ሃምሳ አለቃ አዛናውም ከሠራዊቱ ከተሰናበቱ ወዲህ ለእርሻ ባለቤቶች ሠራተኛ እየመለመሉ የሚያሠሩ ወኪል ነበሩና፣ የወሎ ልጆች ይዘው ተሻግረዋል።

በሐምሌ የካርቱም መንግሥት የመጠጡን ሕግ አሻሽሎ፣ ሙስሊም ያልሆነ ሰው በግሉ ቢጠጣ እንዳይከሰስ ፈቅዶ ነበር፤ ሙስሊሙ ግን እንደ ቀድሞው ተከልክሏል። ወሬው ኮኪትና ሽንፋ እስኪደርስ «ሱዳን አረቄ ፈቀደች» ብቻ ሆኖ አጠረ። ሃምሳ አለቃው ሰዎቻቸውን ሰብስበው፣ «የተፈቀደው ለክርስቲያኑ ነው፤ ተቀላቅላችሁ ስትጠጡ ብትገኙ ሁላችሁም ትጠየቃላችሁ» ብለው አስጠንቅቀዋል። የሰማቸው የለም። እሑድ ከቀትር በኋላ ወሎዬዎቹ በአንድ ብርጭቆ ሲቀባበሉ ፖሊስ ደረሰ፤ መታወቂያቸውን ተቀብሎ ስማቸውን ካየ በኋላ ሌሎቹን ትቶ ሰይድ ኪዳኔ የተባለውን ይዞት ሄደ።

ሃምሳ አለቃውን ያንገበገባቸው ይህ ነበር። ሰይድ የዲያቆን ልጅ ነው፤ ስሙን ያወጡለት ሙስሊሙ የእናቱ አጎት ናቸው፤ በአገራቸው ይህ የሚያስገርም ነገር አይደለም። በስሙ ከፖሊስ ያመለጠው ደረበ ደግሞ ዓርብ ዓርብ መስጊድ የማይቀር ሙስሊም ነው።

ማክሰኞ ጧት ሃምሳ አለቃው ወደ ፖሊስ ጣቢያው ሲነሡ ደረበ ተከተላቸው።

«አንተ ወዴት ነህ?»

«አብሮ አደጌ አይደል? እመሰክርለታለሁ።»

«የምትመሰክረው በራስህ ላይ ነው፣ ሞኝ!»

«አፌን ይዤ እቆማለሁ፣ ሃምሳ አለቃ።»

መንገዱ ለአንድ ሰው የሚታመን አልነበረምና፣ እያጉረመረሙ ፈቀዱለት።

የጣቢያው ሹም ሱዳኖች ሻዊሽ የሚሉት ባለማዕረግ ነበር፤ ማዕረጉ ከሃምሳ አለቃው ማዕረግ የማይበልጥ፣ ትዕግሥቱም ከእሳቸው ብዙ የማይርቅ ሰው። የምታስተረጉመው ለእስረኞች ምግብ የምታበስለው ረቢዓ ነበረች፤ መተማ ተወልዳ ማዶ ያገባች ሴት ናት።

«ስሙ ሰይድ የሆነ ክርስቲያን እንዴት ይኖራል ይላል» አለች ረቢዓ።

«በወሎ ሞልቷል በይልኝ፤ የክርስትና ስሙ ወልደ ሚካኤል ነው።»

«የተጻፈ አለው ወይ ይላል።»

«የክርስትና ስም መታወቂያ ላይ ተጽፎ ያውቃል? ማተብህስ የታለ፣ አንተ ልጅ?»

ከእስር ቤቱ አምጥተው ያቆሙት ሰይድ አንገቱን ዳበሰ። «አጨዳ ላይ ተበጥሶብኝ ነው።» ወዲያውም ወደ ሻዊሹ ዞሮ ደረቱን መታና፣ «ወላሂ ክርስቲያን ነኝ!» አለ።

ሻዊሹ ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አላስፈለገውም፤ ሳቀ። ሃምሳ አለቃው ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ።

«ወሎዬ እንዲህ ነው የሚምለው፤ ቄሱም ወላሂ ይላል በይልኝ!»

«ታዲያ በስም ካልለያችሁ፣ በመሐላም ካልለያችሁ በምንድን ነው የምትለያዩት ይላል።»

«በሥጋ! ክርስቲያን የእስላም እጅ ያረደውን አይበላም፤ ሙስሊሙም የእኛን አይበላም። በምንም የማይደባለቅ ነገር ቢኖር ይህ ነው። የምታበስይለት አንቺ ነሽ፤ ተናገሪ።»

ረቢዓ አሰበች፤ ሰይድ ከገባ ጀምሮ ደረቁን እንጀራ ብቻ እየበላ ሥጋውን ለሌሎቹ ይሰጥ እንደነበር ለሻዊሹ ነገረችው። ሻዊሹም የድንበር ሰው ነበርና ይህን ልማድ ያውቀዋል፤ ራሱን ነቀነቀና ቁልፉን አነሣ። ጉዳዩ በሰላም ስላለቀም እንግዶቹ ምሳ ሳይበሉ እንዳይሄዱ አዘዘ፤ ረቢዓም የሥጋ ወጥ በትሪ አቅርባ በሩ አጠገብ ቆመች። ሃምሳ አለቃው ደረታቸውን እየነኩ አመስግነው እጃቸውን ሰበሰቡ፤ ሰይድም ፈቀቅ አለ። ደረበ ከንጋት ጀምሮ አንዳች አልቀመሰም ነበር። ቃል በገባው መሠረት አፉን ይዞ ቆይቶ፣ አሁን «ቢስሚላህ» ብሎ ጎረሰ።

ሻዊሹ ትሪውን፣ ከዚያ ሃምሳ አለቃውን አየ። ስለ ሥጋው ያስረዱት እሳቸው ናቸው።

«ይህኛው እሑድ አብሯቸው ነበር ወይ ይላል» አለች ረቢዓ።

ሃምሳ አለቃው ውሸት ሲፈልጉ ደረበ ጉርሻውን ውጦ ቀደማቸው። «ነበርሁ። አረቄውን የያዝኩትም እኔ ነኝ፤ ሰይድ ስለ እኔ ሃይማኖት አይጠየቅ።»

ሻዊሹ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። «የሁለታችሁን ነገር ስፈታ ልሙት? አንዱ ይሂድ፤ አንዱ ይቅር።»

ሃምሳ አለቃው በሄዱበት መንገድ ሰይድን ይዘው ተመለሱ። «ከእሱ ጋር መቅረት ነበረብኝ» አለ ሰይድ።

በዚያው ወር መጨረሻ በሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት ተነሣ፤ በታኅሣሥም የድንበሩ እርሻ የሁለት አገር ወታደር የሚፋጠጥበት ሆነ። የዘመኑን ታሪክ የጻፉት ይህን ጻፉ፤ የመጠጡ ሕግ መሻሻልም አንድ ዐረፍተ ነገር ደረሰው። አንድ ወሎዬ በአንድ ጉርሻ መታሰሩን ግን የጻፈ አልነበረም። ደረበ ተለቆ በእግሩ ወደ መተማ ሲመጣ፣ ከወዲያም ከወዲህም የቆሙት ወታደሮች መታወቂያውን ተቀብለው ያዩት አገሩን ብቻ ነበር፤ ስለ ሃይማኖቱ የጠየቀው አልነበረም።