ከጣት በላይ አታይም

«ዕጢ ታያለች! ሳትወጋ፣ ሳትቀድ፣ በብርሃን ብቻ!» ቻላቸው የሐሙሲት ተሳፋሪ እንደሚጠራ የሚኒባስ ረዳት ይጮኻል።

ማስተዋል በክርኗ ጎሸም አደረገችው። «አንተ! መሣሪያዋ የልብ ምት ነው እኮ የምትቆጥረው!»

«ቀስ በይ ባክሽ። ዳኞቹ ሊደርሱ ሦስት ጠረጴዛ ነው የቀራቸው። ካልጮህን ማን ዞር ብሎ ያየናል?»

በወረታ ከተማ በትምህርት ቤታቸው የሳይንስ ቀን ያቀረቧት መሣሪያ የሁለቱ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች የሁለት ወር ልፋት ናት። የልብስ መቆንጠጫ ላይ ቀይ አምፖልና ብርሃን የሚለካ ዕቃ ገጥመዋል። ጣት ሲገባ ብርሃኑ በሥጋው ያልፋል፤ ልብ ደም በረጨች ቁጥር ደብዘዝ ይላል፤ ያኔ አረንጓዴዋ መብራት ብልጭ ትላለች። የዕጢውን ነገር ያነበበችው ማስተዋል ነበረች፦ ተመራማሪዎች በቆዳ ላይ ብርሃን አብርተው በዕጢ ውስጥ ያለውን ደምና ኦክስጅን ይለካሉ፤ መድኃኒቱ መሥራት አለመሥራቱንም በዚያ ለማወቅ ይሞክራሉ። ያ ግን ሌላ መሣሪያ ነው።

በሌላ ጠረጴዛ ያለውን የልጅ ልጃቸውን ሥራ ሊያዩ የመጡት የማስተዋል ጎረቤት እማማ ሸዋነሽ ቀረብ አሉና ነጠላቸውን ከአንገታቸው ገለጥ አደረጉ። ከጆሯቸው ሥር ሎሚ የሚያህል እብጠት አለ።

«የሩዙ አጨዳ ይለቅ እያልኩ ሐኪም ቤት ሳልሄድ ቀረሁ። በሉ እስቲ፣ እዩልኝና ልረፍ።»

የቻላቸው ፊት አመድ መሰለ። ዳኞቹ አጠገባቸው ካለው ጠረጴዛ ደርሰዋል። «የልብ ምታቸውን በጣታቸው ለክተን እንሸኛቸው» ሲል አንሾካሾከ።

ማስተዋል መቆንጠጫውን ወደ ጎን ገፋች። «እማማ፣ ዋሽተንዎታል። ይቺ ከጣት በላይ አታይም። እብጠቱን ሐኪም ነው የሚያውቀው።»

እማማ ሸዋነሽ አፍጥጠው አዩአቸው። ከዚያ ሳቃቸው አመለጣቸው። «ታዲያ አንተ ጆሮዬን የምታደነቁረው ለምንድን ነው?»

በዙሪያቸው የቆመው ሁሉ ሳቀ፤ ቻላቸውም አንገቱን እየደባበሰ አብሮ ሳቀ።

«በሉ እንግዲህ፣ ከአጨዳው በኋላ እሄዳለሁ» አሉ እማማ። ነጠላቸውን ሲመልሱ ግን የእብጠቱን ዳር ዳር በጣታቸው ይዳስሱ ነበር። ማስተዋል አየች። ያገዳቸው ሩዙ አይደለም፤ ፍርሃት ነው።

«ለዳኞቹ አንተ አስረዳቸው» አለችው ቻላቸውን። «እውነቱን።»

«አንቺስ? ሁለት ወር ሙሉ የለፋሽበት!»

ማስተዋል የእማማን ክንድ ይዛ ከግቢው በር ወጣችና ለሚያልፈው ባጃጅ እጇን ዘረጋች።

«ጤና ጣቢያ!»

«ዛሬ?» አሉ እማማ ሸዋነሽ።

«ዛሬ» አለች ማስተዋል፣ ቀድመው እንዲገቡ ገለል እያለችላቸው።