ሦስተኛው ቁልፍ

ጦርነቱ ካበቃ ብዙ ዘመን ካለፈ በኋላ፣ የማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ በሰንደቅ ዓላማ ባጌጠበት ዕለት፣ አሮጊቷን ልብስ ሰፊ የጋበዛት ቀርቶ ማን ነሽ ብሎ የጠየቃት አልነበረም። በር ጠባቂው «እማማ፣ ወንበር የለም» ቢላት፣ «ወንበር ማን ለመነህ? እግሬ አንተ ሳትወለድ ጀምሮ መቆም ያውቃል» ብላው ገባች። ከፊት ለፊት በመስታወት ሣጥን ውስጥ የጄኔራሉ የወጣትነት ኮት ተሰቅሏል፤ ሦስተኛው ቁልፉ የለም። ሹሙ ተነሥቶ፣ ያንን ቁልፍ የጠላት ጥይት ከደረታቸው ላይ ገንጥሎ እንደ ወሰደው ተረከ፤ ሕዝቡ አጨበጨበ፤ ጄኔራሉም አንገታቸውን ደፉ። እሷ አላጨበጨበችም። ቁልፉ በመሐረቧ ጫፍ ተቋጥሮ ነበርና።

ቁልፉ እጇ በገባበት ዘመን ጄኔራሉ ገና ሻምበል ነበሩ፤ እሷም በልብስ ማጠቢያው ቤት መስኮት ሥር ተቀምጣ የደንበኞችን ቁልፍ የምታጠብቅ፣ ምላሷ ከመርፌዋ የሚሾል ልጅ ነበረች። የቤቱ እመቤት «ደንበኛ ሲስቅ ሣቁ፤ ያኮረፈ ፊት ሸሚዝ አያስመጣም» እያሉ ስለሚያዙ፣ ከሠራተኞቹ ፈገግታ የትኛው የልብ እንደ ሆነ የሚያውቅ ወንድ አልነበረም፤ ከወንዶቹም የለሰለሰ ቃል የትኛው ልብስ እስኪደርስ ጊዜ መግፊያ እንደ ሆነ የምታውቅ ሴት አልነበረችም።

ሻምበሉ በየሳምንቱ ያው ቁልፍ ተበጥሶባቸው ይመጡ ነበር።

«ምነው ጌታዬ፣ ይህ ቁልፍ ከእርስዎ ጋር ተጣልቷል?»

«ከእኔ ጋር ሰላም ነው፤ አንቺን ካላየሁ አልቀመጥም ብሎ ነው እንጂ።»

«ቁልፍ አፍ ሲያወጣ ዛሬ ገና ሰማሁ። ይልቅ እጅዎን ከደረትዎ ያውርዱ፣ መርፌው አይለይም።»

የእሷ ክር ድርብ ነበር፤ በራሱ እንደማይላላ ታውቃለች፤ የተበጠሰውም ጫፍ በእጅ የተጎተተ መሆኑን አይታለች። አልተናገረችም። ልብስ ተኳሿ ጓደኛዋ «ያንቺ ቁልፍ እግር አወጣ እንዴ?» እያለች ብትስቅባትም ዋጠችው፤ ብትናገር ሰውዬው ዳግመኛ አይመጡማ። በመጨረሻ እመቤቲቱ «አንድ ቁልፍ ማጽናት ያቃታት ወደ ማጠቢያው ገንዳ ትውረድ» ብለው ፈረዱ። ከማግስቱ ጀምሮ ገንዳው ቤት እንድትገባ በተባለበት ቀን ሻምበሉ ለመጨረሻ ጊዜ መጡ። ክሩን በመርፌው ሳታሾልክ የዘመቻ መለከት ተነፋ፤ እሳቸውም ኮቱን ነጥቀው ተነሡ።

«ቁልፉ አንቺ ዘንድ ይቆይ፤ ስመለስ ትሰፊዋለሽ።»

ይህ የደንበኛ ቃል ይሁን የሰው ቃል፣ ለመጠየቅ ፋታ አላገኘችም። እሳቸው ድል አድርገው ሲመለሱ ሌላ ከተማ ተሾሙ፤ እሷ ገንዳው ላይ እጇ ተላጠ፤ አናጺ አገባች፣ ልጆች ወለደች፣ ቀበረችም። አናጺው ደግ ሰው ነበር፤ በእሱ ላይ ቅሬታ የላትም። ቅሬታዋ በስፌቷ ላይ ነው፤ ስፌቷ ይላላል የተባለው እንደ ተባለ ቀርቷልና።

ጭብጨባው ሲበርድ ሰዉን በትከሻዋ እየገፋች ወደ ፊት ሄደች፤ መሐረቧንም ፈታች። ጄኔራሉ ቁልፉን አይተው፣ ቀጥሎ እሷን አይተው፣ ፊታቸው እንደ ልጅ ቀላ።

«እርስዎ ነዎት?» አሉ በዝግታ።

«ዛሬ ገና ነው እርስዎ ያሉኝ፤ ያኔ አንቺ ነበርኩ። ጥይቱን ከየት አመጡት?»

«ሰዎች እንዲያ አሉ፤ እኔ ዝም አልኩ። አንዲት ሠራተኛ ለማየት ቁልፍ እበጥስ ነበር ብል ማን...»

«ጨዋታ ነበር?»

«አልነበረም» አሉ። «አንቺ ግን ለሁሉም ትሥቂ ነበር፤ በምን ልወቅ?»

ያ ጥያቄ የእሷም ነበር። የታሪክ ጸሐፊዎች የዚያን ዘመቻ ቦታና የጥይቱን ወሬ ጽፈው አስቀምጠዋል፤ ሁለት ሰዎች በመስኮት ሥር እርስ በርሳቸው ሳይተማመኑ መሣሣቃቸውን ግን የጻፈ የለም፤ ቢጻፍም ለድል የሚጨምረው ነገር አልነበረም። እሷ ፊደል አልቆጠረችም፤ የተጻፈውን መፋቅ አትችልም። መርፌዋን ግን ከአንገትጌዋ ላይ ነቀለች።

«ሣጥኑን ያስከፍቱና ኮቱን ይልበሱት፤ ጠበበኝ ብለው እንዳያመካኙ። እኔ ስሰፋ እርስዎ ወደ ሰዉ ዞረው፣ ክሩን ማን እንደ በጠሰው ይንገሩልኝ። ጮክ ብለው፤ ከኋላ የቆምነውም እንድንሰማ።»