ከቤቴ ፎቶ ያጠፉኝ ጊዜ

በገዛ ቤቴ፣ በገዛ መደቤ ላይ ተቀምጬ ነው ያጠፉኝ። በጥይት ቢሆን ደግ ነበር፤ ተኩሱ ይሰማል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል። እኔን ግን ያጠፉኝ በኮምፒውተር ነው። ያጠፋችኝም የልጄ ልጅ ሰሚያ ናት።

ነገሩን ያወቅሁት በፈህሚያ ስልክ ነው። ፈህሚያ የጎረቤቴ ልጅ ናት፤ አንገቷን ስልኳ ላይ ደፍታ የምትውል። የዚያን ቀን በራፌ ላይ ቆመችና «እማማ ራቢዓ፣ ሶፋ ገዛችሁ እንዴ?» አለችኝ።

«የምን ሶፋ?»

«ይኸው፣ ፌስቡክ ላይ ወጥቷል።»

አየሁት። አዲስ ዓለም ሰፈር ያለው ቤቴ ነው፤ መስኮቱንም በሩንም አውቀዋለሁ። መደቤ ግን የለም። ሟቹ ባለቤቴ በእጁ የሠራው መደብ በነበረበት ቦታ ቀይ ሶፋ ተጎልቷል። የመስተዋት ጠረጴዛ አለ። ግድግዳው ተቦርቡሮ እሳት ይነድበታል፤ ጎንደር ውስጥ ማን በሳሎኑ ግድግዳ እሳት እንደሚያነድ እንጃ። ከሁሉም የከፋው፣ ሶላቴን የማደርስበት ቦታ ላይ ነጭ ምንጣፍ ዘርግተው ውሻ አስተኝተውበታል።

«እኔስ?» አልኳት። «ፎቶውን ሲያነሱ እዚችው ነበርኩ። የታለሁ?»

ፈህሚያ ፎቶዎቹን በጣቷ ወዲያ ወዲህ ገፋቻቸው። «እርስዎማ የሉም» አለች።

ቤቱ እንዲሸጥ የተስማማሁት እኔው ነኝ፤ በዚህ የማማው ሰው የለም። ልጄ ዐብዱልከሪም ሱቁን ማስፋት ፈለገ፣ ይሁን አልኩ። ግን በሽማግሌ ፊት ቃል ተገባብተናል። ቤቱ ይሸጣል፣ የኋላው ክፍል ግን እኔ እስክሞት የእኔ ነው። በእኛ ሰፈር እንዲህ ያለ ሽያጭ አዲስ አይደለም። አሮጊት ያለችበት ቤት ከነአሮጊቷ ይሸጣል፤ ገዢውም አውቆ፣ አደራውን ተቀብሎ ይገባል።

ዳኛው የሚባለው ደላላ ፎቶ ሊያነሳ የመጣ ዕለት «እማማ፣ እስቲ ከመደቡ ይነሱልን፤ ክፍሉ ባዶ መሆን አለበት» አለኝ።

«ባዶ አይደለማ» አልኩት።

ወደ ልጄ ዞረና፣ እኔ የጤፍ ጆንያ የሆንኩ ይመስል፣ «ግድ የለም፣ ኋላ ትጠፋለች» አለው። ይህ ሰው አንቱ የሚለኝ ፊቴን ሲያይ ብቻ ነው። ማንበብ ስለማልችል ማየትና መስማትም የማልችል መስሎታል።

ሰሚያ ያኔ ዘጠነኛ ክፍልን ጨርሳ፣ ክረምቱን ፒያሳ ዳኛው ቢሮ ትሠራ ነበር። ሥራዋን እሷው ናት ያስረዳችኝ። የክፍል ፎቶ ለኮምፒውተሩ ይሰጡታል። በውስጡ ያለውን ዕቃ ያጠፋል፣ የሌለውን ያስገባል። ገዢው አይቶ ልቡ ይሄዳል። ዳኛው ላፕቶፕ ሰጥቷት እኔ ጋ ይዛው ትመጣለች። ትምህርት ሲከፈትም እሷው ጋ እንደሚሆን ቃል ገብቶላታል። ላፕቶፑን እንዴት እንደምትወደው! ዝናብ ሲመጣ መጀመሪያ የምትሸፍነው ራሷን አይደለም፣ እሱን ነው።

ፈህሚያ ፎቶውን ያሳየችኝ ቀን፣ ሰሚያ እንደገባች «ነይ ተቀመጪ» አልኳት። «እሶፋው ላይ።»

«የቱ ሶፋ?» አለችና ፊቴን ስታይ ገባት። ቦርሳዋን ሳታወርድ ቆመች። «እማዬ፣ ፎቶ እኮ ነው። ሁሉም እንዲህ ነው የሚሠራው። ከታች ‹ዕቃዎቹ በኮምፒውተር የገቡ ናቸው› ብለን ጽፈናል።»

«‹አሮጊቷ በኮምፒውተር ወጥታለች› የሚልስ ጽፋችኋል?»

የቦርሳዋን ማንገቻ አጥብቃ ያዘች።

«ውሻውስ?»

«ከምንጣፉ ጋር ነው የመጣው» አለች፤ ሳቋ እንዳያመልጣት ከንፈሯን ነከሰች። «ፕሮግራሙ የፈረንጅ ነው። ምንጣፉን ስጎትት ተኝቶበት መጣ። ዳኛው ደግሞ ያምራል፣ ተዪው አለኝ።»

«የኋላውን ክፍል አሳዪኝ።»

ይኼኔ ሳቋ ሄደ። ላፕቶፑን ከፍታ ወደ እኔ አዞረችው። አልጋዬ የለም፣ ሳጥኔም የለም። ግድግዳው ሰማያዊ ሆኗል፣ ኮከብ ተለጥፎበታል። መሐል ላይ የሕፃን አልጋ ቆሟል።

«ማን ነው እዚህ የሚተኛው?»

ቀስ ብላ ነገረችኝ። ገዢው ተክለ ጊዮርጊስ የሚባል የእንፍራንዝ ነጋዴ ነው። ቤቱን ያየው በስልኩ ብቻ ነው። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት፤ የሕፃኑን ክፍል ስታይ ሌላ ቤት አላይም ብላለች። እሑድ መጥተው ሊዋዋሉ ነው።

«የአንቺ ክፍል መሆኑን ለዳኛው ነግሬው ነበር» አለች። «‹አባትሽ ያውቃል› አለኝ።»

«አባትሽስ?»

ሻሿን እየጎተተች መሬት መሬት አየች። «‹ከተፈረመ በኋላ እኛ ጋ ማራኪ ሰፈር ትመጣለች፤ ምንም አትል› አለኝ።»

ምንም አትል! እኔ! የምራቴን ሳሎን ስጠብቅ ልሞት! ደሜ ፈላ ብላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። አልፈላም፣ ቀዘቀዘ። የፈላ ሰው ይጮኻል፤ የቀዘቀዘ ሰው ያስባል።

«ማጥፋት የቻልሽ መመለስ ትችያለሽ?»

«እችላለሁ።»

«እንግዲያው መልሺኝ። ሁሉም ክፍል ውስጥ።»

«ዳኛው ያባርረኛል እኮ፣ እማዬ። አባዬም…»

«ያባርርሽ።»

ለእኔ መናገሩ ቀላል ነው። እሷ ግን ላፕቶፑን እቅፏ ውስጥ አድርጋ፣ የሕፃኑን አልጋ ስታይ ቆየች። እኔም አልወተወትኳትም፤ እንዲህ ያለውን ነገር ተገፍቶ የሠራ ሰው ኋላ ገፋችኝ ይላል። ደጅ ዝናቡ ሲያባራ ብድግ አለች።

«ነጩን ነጠላሽን ልበሺ» አለችኝ። «ብርሃን ሳለ ላንሳሽ።»

ተቀምጬ አነሳችኝ፣ ቆሜ አነሳችኝ፣ በትሬን ይዤ አነሳችኝ።

«እማዬ፣ ቆጣ በይ እንጂ።»

«ቆጣ ያለ ፊት መፈለግ አያስፈልገኝም። ያለኝ እሱ ነው።»

ከዚያ ጎኗ ቁጭ ብዬ ሥራዋን አየሁ። ቀዩ ሶፋ ላይ አስቀመጠችኝ። የመስተዋቱ ጠረጴዛ ጋ አቆመችኝ። ሕፃኑ አልጋ አጠገብ ስታደርገኝ አራስ ልጠይቅ የመጣሁ መሰልኩ።

«ውሻውን ላጥፋው?»

«ተዪው። በትሬን እላዩ ላይ አድርጊልኝ።»

አደረገችልኝ። አቤት ሲያምር! ቂሜ ግን አልጠገበም። «አሁን ደግሞ» አልኳት፣ «ዳኛው በሚሸጠው ቤት ሁሉ አስገቢኝ። የአዘዞው ቪላ ውስጥ፣ የማራኪው ፎቅ ላይ፣ ሽንት ቤቱም አይቅር።»

እጇን ከላፕቶፑ አነሳች። «እሱን አላደርግም።»

«ምነው?»

«እነዚያ ባለቤቶች ምን አደረጉሽ? የእኛን ቤት ብቻ።»

«ዳኛውን ማቃጠል ነው የምፈልገው።»

«እሱን አቃጥዪ። የሰው ቤት አታቃጥዪ።»

ተቆጣሁ፣ ተሳደብኩም። ልጅቱ ንቅንቅ አላለችም። በእናቷ ወጣች እላለሁ እንጂ እንዲህ ያለ ግትርነት ከማን እንደመጣ አውቃለሁ። ፎቶዎቹን በዳኛው የፌስቡክ ገጽ ላይ፣ በአሮጌዎቹ ቦታ አወጣቻቸው። ከሥራቸውም «የኋላው ክፍል ሰው አለበት» ብላ ጻፈች።

በማግሥቱ ከተማው ሥራ አገኘ። ባጃጅ ነጂዎች በራፌ ላይ ቆመው «እማማ፣ ውሻው ተነሳ ወይ?» ይሉኛል። ሰሚያ ሰዎች የጻፉትን ታነብልኛለች። አንዱ «አሮጊቷ በዋጋው ውስጥ ናት?» ብሏል። ሌላው «እኔ ሶፋውንም አልፈልግ፣ እሳቸውን ፈራሁ» ብሏል። አንዷ ደግሞ «ዳኛው የሸጠልን ቤት ውስጥስ ማን ተደብቆ ይሆን?» ብላ ጠየቀች። የእሷን ጽሑፍ ሰሚያን ሁለቴ አስነበብኳት።

የከሰዓቱን የአሱር ሶላት ሰግጄ ስጨርስ ዳኛውና ልጄ ተከታትለው ገቡ። ዳኛው ላብ በላብ ሆኗል፤ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ይጮኻል፣ አያነሳውም።

«እናቴ፣ ምነው?» አለ ዐብዱልከሪም። «ከተማው ሳቀብን እኮ።»

«አንተን እኔ ነኝ የወለድኩህ፤ ይሳቅብህ፣ አትሞትም። በሽማግሌ ፊት የገባኸው ቃል የት ሄደ?»

አንገቱን ደፋ። ዳኛው ግን እኔን አልፎ ወደ ሰሚያ ሄደ። «አሁኑኑ አውርጂው» አላት። «ካወረድሽ ላፕቶፑ ያንቺው ነው፤ ለዘለቄታው። ካላወረድሽ ቢሮዬን እንዳትረግጪ።»

«ሰሚያ፣ ስሚው» አለ አባቷ።

ላፕቶፑ ጉልበቷ ላይ ነበር። እያየኋት ነው። ክዳኑን ቀስ አድርጋ ዘጋችው፣ በሻሿ ጫፍ ወለወለችው፣ ከዚያም ተነሥታ በሁለት እጇ ለዳኛው ሰጠችው።

«የገጹን የይለፍ ቃል ቀይሬዋለሁ» አለችው። «የምነግርዎት እማዬ ንገሪው ስትለኝ ነው።»

መጥታ አጠገቤ፣ መደቡ ላይ ተቀመጠች።

ዳኛው ላፕቶፑን እንደ ትኩስ ብረት ምጣድ ይዞ ቆመ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ዓይኔን አየኝ። «እማማ» አለ፣ «ምን ይሁንልዎ?»

«ይቅርታህን አልፈልግም፤ ለሌላ አሮጊት አስቀምጠው» አልኩት። «ስልክህን አውጣና ለእንፍራንዙ ሰውዬ ደውል። ድምፁን ክፈተው፣ ሁላችንም እንስማ። የሕፃን ክፍል ያልኩህ ውሸት ነው፣ ራቢዓ የምትባል ሴት ትኖርበታለች፣ እስክትሞት አትወጣም፣ ልትሞትም አላሰበችም በለው። ቆመህ ተናገር። ጆሮዬ እንደ ድሮው አይደለምና ጮክ በል።»