«እኅቴ ናት» ያለው ባሌ

መጀመሪያ ያየሁት ቀን ሰደብሁት።

ጎጃም ውስጥ ይጁቤ፣ ከአባቴ ቤት ቁልቁል ካለው ምንጭ እንስራዬን ሞልቼ ቀና ስል አንድ መልከ መልካም የቤተ ክህነት ተማሪ የመምህሩን በቅሎ ይዞ ቆሟል። ነጠላው አዳፋ ነው። ዓይኑ ግን... እናንተዬ፣ ስለ ዓይኑ ባላወራ ይሻለኛል።

«እባክሽ ውኃ አጠጪኝ» አለኝ።

በቅል ቀድቼ ሰጠሁት። ጠጥቶ ጨረሰና ቅሉን እንደያዘ አፍ አፌን ያይ ጀመር።

«ምነው? ቅሉንም ልትበላው ነው?»

«ሌላ የምትይው ነገር የለም?»

«ምን ልበልህ?»

«ለበቅሎህም ልቅዳላት በይ።»

«በቅሎህ እግር የላትም? ምንጩ ያውልህ! የበቅሎ አሽከር መሰልሁህ እንዴ?»

ፊቱ ደም መሰለ። «ጸሎቴን አበላሸሽብኝ!» አለኝ። ለካ የአብርሃም ሎሌ ርብቃን በውኃ ጉድጓድ አጠገብ እንዳገኛት፣ እርሱም «ለበቅሎዬ ሳልጠይቃት የምትቀዳ እርሷ ሚስቴ ትሁን» ብሎ ለምኖ ነው የመጣው! ሳቅ አፍኖኝ እንስራውን ልጥለው ምንም አልቀረኝ። ኋላ በቅሎዋ አሳዘነችኝና ቀዳሁላት። እርሱም ይህን ከሰማይ እንደ ወረደ መልስ ቆጠረው።

አካለ ወልድ እንዲህ ነበር። ኦሪት ዘፍጥረትን በቃሉ ያውቀዋል፤ ለኑሮው ሁሉ ከዚያው ይቀዳል። ወንድሙ በመሬት ቢጣላው፣ አብርሃም ለሎጥ እንዳለው «አንተ ግራውን ከወደድህ እኔ ቀኙን» ብሎ ለሙን መሬት ለቀቀለት። ከተጋባን በኋላም በደጃችን መንገደኛ ካለፈ «የአብርሃም እንግዶች ናቸው» ብሎ እራታችንን ይሰጣል። እኔም እየተነጫነጭሁ፣ ጦሜን እያደርሁ፣ እወደው ነበር። ምን ላድርግ? እንደርሱ ያለ ደግ ሰው አላየሁም።

በቁርባን ተጋባን። ወዲያው ቅስና ተቀበለ።

«ካንች በኋላ ሴት የለችም» አለኝ።

«ብሞትስ?»

«ብትሞችም የለችም።»

እውነቱን ነው። የቄስ ሚስት አንዲት ናት። እርሷ ሌላ ወንድ ካወቀች ደግሞ ባሏ ወይ እርሷን ይተዋል፣ ወይ መቅደሱን። ሕጉን ያን ጊዜም አውቀው ነበር። እኔን ይመለከተኛል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ዓመተ ምሕረት ጎጃም በጣልያን ላይ ሲነሣ መንደራችን ተቃጠለ። አባቴ ወደ ቆላ ዘመዶቹ ወረደ። እኔና አካለ ወልድ ደብረ ማርቆስ አንድ የሚያስጠጋን ካህን ነበረና ወደዚያው ተጓዝን። በመንገዱ ላይ ጣልያን የሾመው ባላምባራስ ፈንታ የሚባል ባንዳ ኬላ ይጠብቃል። ዓይኑ ያረፈባትን ሴት ባሏን «ሽፍታ ነው» ብሎ ይረሽንና እርሷን ይወስዳል እየተባለ ይወራል።

ኬላው ሲታየን አካለ ወልድ ቆመ።

«ያለምዬ... አንች መልክሽ ያማረ ነው።»

«ምን? ዛሬ ገና ታየህ?»

«አትቀልጂ። ስላንች ይገድሉኛል። እኅቱ ነኝ በይ።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ቆይቶ ገባኝ።

«እኅቱ ነኝ ብል እኔንስ?»

«አብርሃም ግብፅ ሲወርድ እንዲሁ አድርጓል። ፈርዖን ሣራን ወሰዳት፤ እግዚአብሔር ግን ቤቱን በመቅሠፍት መትቶ ንጽሕት አድርጎ መለሳት። እግዚአብሔር ያው እግዚአብሔር ነው!»

«ሣራ ምን አለች?»

«እ?»

«አብርሃም እንዲያ ሲላት ሣራ ምን ብላ መለሰች?»

«አልተጻፈም» አለኝ።

እኔም ምንም አላልሁ። ልገድለው ነው እንዴ? እንቢ ብል ደሙ በእጄ ነው። ሆድ ይፍጀው ብዬ ተከተልሁት።

ባላምባራስ ፈንታ እኔን አየ፤ ከዚያ የባሌን ጥምጥም አየ።

«አባ፣ ይህች ማን ናት?»

«እኅቴ ናት።»

«ሚስትህስ?»

«ሞታለች።»

ይህን አልተነጋገርንበትም ነበር! ቀና ብዬ ባየው ዓይኑን መሬት ላይ ተክሏል።

«እንግዲያስ ወንድሟ ከሆንህ እኅትህን ስጠኝ» አለ ፈንታ እየሳቀ። «እኔ እንደ ወሬው አይደለሁም፤ በወግ ነው የምጠይቅ።» አንዲት ምርጥ በቅሎ ከነኮርቻዋ አስመጣለት። ፈርዖንም ለአብርሃም ስለ ሣራ በግና በሬ፣ ግመልም ሰጥቶታል አይደል? የባሌ እጅ ልጓሟን ሲይዝ አየሁ። በጆሮዬ «እግዚአብሔር ያወጣሻል» ብሎኝ ሄደ። ዞር ብሎም አላየኝ።

የዚያን ዕለት ማታ የሆነውን አልነግራችሁም። ታውቁታላችሁ።

መቅሠፍቱን ጠበቅሁ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ባሌ ያለውን አምኜ በየማለዳው የፈንታ ቤት ዛሬ ምን ይመታው ይሆን እያልሁ እነሣ ነበር። የፈንታ ላሞች መንታ ወለዱ። ጣልያን ኒሻን ሰጠው። ጉንፋን እንኳ አልያዘው! ባለቤቴ ይመጣል፣ በሽማግሌ ያስለቅቀኛል፣ ቢቸግር አርበኛ ይዞ ይመጣል ብዬም ነበር። ላም አለኝ በሰማይ ሆነብኝ። እውነቱን እንዳልናገር፣ ፈንታ ሰው ልኮ ያስገድለዋል። ስለዚህ ሦስት ዓመት ሙሉ በጠላቴ ቤት የባሌን ነፍስ የምጠብቅ እኔ ነበርሁ።

በሠላሳ ሦስት የጣልያን ነገር ሲያበቃ ፈንታ ዕቃውን አስጭኖ ሊሸሽ ተነሣ።

«ነይ፣ ውጪ!» አለኝ።

«አልሄድም። ባል አለኝ።»

«ምን ባል?»

«እኅቴ ናት ብሎ የሰጠዎ ቄስ ባሌ ነው።»

እገደላለሁ ብዬ ዓይኔን ጨፈንሁ። ድምፅ ሲጠፋብኝ ገለጥሁ። ፈንታ አፉን ከፍቶ ያየኛል።

«ያ ሰውዬ? ባልሽ ነበር?»

«አዎ።»

«ያን ቀን ብትነግሩኝ እገድለው ነበር፤ አልዋሽሽም። እኔ ክፉ ነኝ። ግን ሚስቴን በልጓም ለውጬ አላውቅም።» ምራቁን ተፋና በቅሎው ላይ ወጣ። «ሂጂ» አለኝ።

አያችሁ? ባንዳው እንኳ ናቀልኝ። ያን ቀን ያዘንሁትን ያህል ሲወስደኝም አላዘንሁም።

አባቴ ከቆላ ተመልሶ ነበር። ያለቀሰውን ልቅሶ ልተወው። «አካለ ወልድስ?» ብዬ ብጠይቀው «ጉንደ ወይን አካባቢ ካለች ደብር ይቀድሳል አሉ። እኔን ሊያይ መጥቶ አያውቅም» አለኝ። ልብሴን አጠብሁ፤ ጠጉሬን ተሠራሁ። አዎ፣ ተሠራሁ! ሴት ነኝ፣ ወደ ባሌ ነው የምሄድ። በመንገዱ ሁሉ ምን እንደሚለኝ ሳስብ ነበር። እግሬ ላይ ቢወድቅ አነሣዋለሁ። ቢያለቅስ አባብለዋለሁ። ቅስናው እንደሚቀርበት አውቃለሁ፤ እናርሳለን፣ እንደ ሰው እንኖራለን እላለሁ።

እሑድ ቅዳሴ ወጥቶ ሕዝቡ በቅጽሩ ውስጥ ሳለ ደረስሁ። መስቀል እያሳለመ ነበር። ተራዬን ጠብቄ ፊቱ ቆምሁ።

መስቀሉ ግንባሬ ላይ ሊደርስ ሲል ቀረ።

«አባ፣ ያውቋታል?» አለች አንዲት ባልቴት። ስሟ የብርጓል ነው፤ የደብሩን ሴቶች ሁሉ የምታዝዝ እርሷ ናት።

ጠመንጃ የያዘ ሰው አልነበረም። ኬላ አልነበረም። በዙሪያችን ያሉት አሮጊቶችና ሕፃናት ናቸው። አካለ ወልድ ወደ መቅደሱ በር አየ፤ ወደኔ አየ።

«እኅቴ ናት» አለ።

የብርጓል እልል ብላ አቀፈችኝ።

ቤቱ ስንገባ በሩን ዘጋ። «ያለምዬ፣ አትፍረጂብኝ!» አለ። «ሚስቴ ሞታለች ብዬ ነው እዚህ የተቀበሉኝ። ከፈንታ ቤት እንደ ነበርሽ ቢታወቅ ከመቅደስ እወጣለሁ። በጎረቤት ጎጆ ልሥራልሽ፤ አበላሻለሁ፣ አለብስሻለሁ። አብርሃምም እኮ ሁለት ጊዜ ነው ያደረገው። በግብፅም፣ በጌራራም።»

«ሁለቱንም ጊዜ ግን ሚስቱን ይዞ ተመልሷል።»

«ንጽሕት ስለ ነበረች ነው! እግዚአብሔር ሣራን ጠብቋታል። አንችን ግን...»

«እኔን ግን ምን?»

«እንጃ... ምናልባት በእምነትሽ የጎደለ ነገር ይኖር ይሆን?»

ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ ልቤ የተሰበረ መስሏችሁ ይሆናል። አልተሰበረም። ጠነከረ።

«አካለ ወልድ» አልሁት፣ «አብርሃም እንግዳ ሲቀበል አይተህ ተማርህ። ለሎጥ ሲለቅ አይተህ ተማርህ። ፈርቶ ሲዋሽ አይተህም ተማርህ። ደግነቱ እንድንከተለው፣ ፍርሃቱ እንድንጠነቀቀው መጻፉን ማን ይንገርህ?»

ወዲያው በሩ ተንኳኳ። የብርጓል እንጀራ ይዛ ገባች።

«እኅት ዓለም፣ እንዴት ያለ ቀን አመጣሽ! ለመክረም ነው?»

«የለም፣ ለተዝካር ነው» አልኋት። «ወንድሜ የሚስቱን ተዝካር ሳያወጣ ቀርቷል። ለነፍሷ ብዬ መጣሁ።»

የብርጓል እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ውይ አባ! የሚስትዎን? ምነው ሳይነግሩን? እኛ እያለን?»

ጨካኝ የሚለኝ ይበለኝ። አንድ በር ነበር የተውሁለት፤ እንዲወጣበት።

ሴቶቹ ጠላ ጠመቁ፣ ዳቦ ጋገሩ። እኔም አብሬ የራሴን ተዝካር ጌሾ ወቀጥሁ። አካለ ወልድ በዚያ ሳምንት ደጋግሞ መጣ። «ተይ» አለኝ፤ «ለቆመ ሰው ፍትሐት ማድረግ እርግማን ነው፣ ነፍሴን ታጠፊያታለሽ።» እኔም «እንግዲያስ በሕይወት አለች በላቸው» እላለሁ። ተነሥቶ ይሄዳል።

ቅዳሜ ሕዝቡ ተሰበሰበ። የደብሩ አለቃ ሽማግሌ ቄስ ነበሩ። ጸሎቱን ጀመሩና ስም የሚጠራበት ጋ ሲደርሱ ወደ እርሱ ዞሩ።

«የሚስትህን ስም አንተ ጥራ፤ ሐዘኑ ያንተ ነው።»

ክርስትና ስሜ ወለተ ኪዳን ነው። በቁርባን ዕለት፣ ከአካለ ወልድ ስም ጋር አብረው የጠሩት ይህን ስም ነው።

«ነፍሰ አመትከ...» ብሎ ቆመ፤ በግዕዝ «የሴት ባሪያህን ነፍስ» ማለት ነው።

ቀና አለና ከሴቶቹ መካከል አገኘኝ። ዓይን ለዓይን ተያየን። በልቤ ምን እል እንደ ነበር ታውቃላችሁ? «በል፣ ውዴ፣ በል። ያቻት በል። በእጅህ ብቻ አሳያቸው። ፈንታን እረሳለሁ፣ በቅሎዋን እረሳለሁ፣ ሁሉን እረሳለሁ!» እያልሁ ነበር። ከንፈሬ ሳይቀር ይንቀሳቀስ ነበር። እርሱም አይቷል፤ እንባው ሲሞላ አይቻለሁ።

«...ወለተ ኪዳን» አለ። ጥርት አድርጎ።

ሴቶቹ አለቀሱ። እኔም አለቀስሁ። የብርጓል በነጠላዋ ጫፍ ፊቴን እየጠረገች «አይዞሽ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ፤ በጣም ትዋደዱ ነበር መሰል» አለችኝ።

«አዎ፣ በጣም» አልኋት።

ዳቦውን በላሁ፤ ጠላውንም ጠጣሁ። ከዚያ ነጠላዬን ተከናንቤ የይጁቤን መንገድ ያዝሁ። ከቅጽሩ በር ውጭ ሮጦ ደረሰብኝ።

«ያለምዬ... ይቅር በዪኝ!»

ሰው እንዳያየው ግራ ቀኙን እየቃኘ ነበር ይህን ያለኝ። መንገዴን ቀጠልሁ።

እርሱ ዛሬም ይቀድሳል አሉ። እኔም በአባቴ መሬት ላይ አለሁ። አንዳንድ ሰው «ያን ሁሉ አድርጎብሽም ትወጂው ነበር?» ይለኛል። እወደው ነበር። ስሜን እስኪጠራ ድረስ እወደው ነበር።