ያልረጠበው ሳሙና

እንዳለው በሠርጉ ዕለት ጠዋት፣ ቆቦ ከተማ በተከራየው ክፍል ውስጥ፣ መስታወት ፊት እንደተቀመጠ ሞቶ ተገኘ። ጉሮሮው ተቆርጧል፤ ምላጩ በእጁ ነው፤ ፊቱን ከጉንጭ እስከ ጉንጭ ነጭ አረፋ ሸፍኖታል።

ኢንስፔክተር መቅደስ ከሁሉ በፊት ያየችው አረፋውን ነው። ገና አልከሰመም።

«መጀመሪያ ያገኘው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አለች አስረሳሽ። ከሙሽራዋ ከየሻረግ በፊት የእንዳለው እጮኛ እሷ ነበረች። «ቀለበቱን ልመልስለት መጥቼ ነው። ዛሬ ካልመለስኩት መቼም ከልቤ አይወጣም ብዬ።»

«ቀንተሽ ነበር?»

«እንዴት አልቀናም! ግን የቀናሁት በእሷ ነው፤ እሱን ምን ብዬ እገድለዋለሁ?»

ታላቅ ወንድሙ ሙላው ጢሙ ደረቱ ላይ ወርዷል፤ ምላጭ ነክቶት አያውቅም።

«ታናሽ ቀድሞ ሲያገባ ያማል፤ አልዋሽም» አለ።

«ሲላጭ አይተኸዋል?»

«ሁልጊዜ! በገላ ሳሙና ነበር። አረፋው ቶሎ ስለሚደርቅበት አንዱን ጉንጭ ቀብቶ ይላጫል፤ ከዚያ ወደ ሌላው ይሄዳል። እስቅበት ነበር...» አለና ፊቱን በጋቢው ሸፈነ።

ሚዜው ይድነቃቸው ጎረቤት ያለ ፀጉር አስተካካይ ነው። የሚዜ ሱፉን ለብሷል።

«የገላ ሳሙና ምላጭ አያንሸራትትም፤ ይቆርጥሃል ብዬ ስንቴ መከርኩት! የገደለው ያ ሳሙና ነው።»

መቅደስ ወደ መታጠቢያው ጎንበስ አለች። ሳሙናው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ጣቷን አረፋው ላይ አሳርፋ አሸተተችና ለሳጅን እንድሪስ በጆሮው አንድ ነገር ነገረችው። እሱም ወጥቶ ሄደ።

ረፋድ ላይ ሁሉንም ለሠርጉ በተጣለው ዳስ ሥር ሰበሰበቻቸው። የሻረግ የሙሽራ ልብሷን እንደለበሰች ደርሳለች።

«እንዳለው ዛሬ ሳሙናውን አልነካውም» አለች መቅደስ። «ቢነካው ይረጥብ ነበር። የገላ ሳሙና አረፋ አንድ ጉንጭ ተላጭቶ እስኪያልቅ እንኳ አይቆይም፤ የእሱ ግን ሙሉ ፊቱ ላይ ሳይከስም ጠበቀን። ይህ የጺም ሳሙና ነው። ቤቱ ውስጥ ደግሞ የጺም ሳሙናም ብሩሽም የለም። ስለዚህ ይዞት የመጣ ሰው ይዞት ሄዷል።»

«ማን?» አለች የሻረግ።

«እንዳለው አንገቱን ቀና አድርጎ የሰጠው ሰው። ከቀድሞ እጮኛው ፊት እንዲያ አይቀመጥም። ሙላውም ምላጭ ይዞ አያውቅም። ‹ዛሬስ ሙሽራ ነህ፣ እኔ በወጉ ልላጭህ› ቢለው እሺ የሚለው አንድ ሰው ብቻ ነው።»

እንድሪስ ከፀጉር ቤቱ ያመጣውን ብሩሽ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ገና እርጥብ ነው፤ ከፀጉሩ ሥር ደም ቋጥሯል።

ይድነቃቸው አልካደም።

«ሦስት ዓመት ሙሉ የሻረግ በደጄ ስታልፍ በመስታወቴ አያት ነበር። እሱ በሦስት ወር ወሰዳት። ሚዜ ሁነኝ ሲለኝ የሚያላግጥብኝ መሰለኝ።»

«አላላገጠብህም» አለች የሻረግ። «‹ይድነቃቸው ይወድሽ ነበር መሰለኝ፤ እንዳይከፋው ከጎኔ ላቁመው› ነው ያለኝ።»

«ያውቅ ነበር?»

ይድነቃቸው ወደ እሷ ዞረ። እንደገና ጠየቀ፤ «እያወቀ ነው አንገቱን የሰጠኝ?»

እንድሪስ ካቴናውን ሲያወጣ ይድነቃቸው እጆቹን ዘረጋ።