ደጅ የጠናው ድንኳን

ባሻ ዛሬም አኩርፏል። ባሻ ስላልኩ ሰው እንዳይመስላችሁ፤ ድንኳን ነው። በስድስት እግሩ ዳገት እየቧጠጠ የሚወጣ፣ መሬቱን በውስጥ እግሩ ዳስሶ የሚያድርበትን ቦታ ራሱ የሚመርጥ እግረኛ ድንኳን። በዚያ ዘመን ሰሜን ተራራ ላይ ድንኳን የጫነ በቅሎ ካያችሁ፣ ከሙዚየም አምልጦ ነው።

ትርንጎ ግን ዛሬ በቅሎ ተመኘች።

«ተዘርጋ እንጂ፣ አንተ ጎታታ!»

የታወቀው የድንኳን ሰፈር በጎብኚ ጢም ብሎ ስለነበር ይህን ሜዳ ያገኘችው ሁለት ሰዓት ሙሉ ዞራ ነው። ለጥ ያለ ነው፤ ነፋሱን ቋጥኝ ይከልለዋል፤ ምንጩ አርባ እርምጃ አይሞላም፤ የራስ ዳሸን መውጫ መንገድም ከፊቱ ይጀምራል። ከዚህ በላይ ድንኳን ምን ይፈልጋል? ባሻ ግን ሜዳው ጫፍ ካሉት ሁለት ድንጋዮች ፊት ደርሶ ተገተረ። ገፋችው፤ ጎተተችው፤ ወይ ፍንክች!

ጋሽ አዛናው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ትንፋሹን ይሰበስባል። ሠላሳ ዓመት እንግዳ ወደ ተራራው ሲመራ የኖረ ሰው ነው፤ ትርንጎ የመጨረሻ ተማሪው ናት። ሳንባው ከደከመ ወዲህ ጫፉን አንድ ጊዜ ብቻ ዳግም እንዲያይ ተፈቅዶለታል፤ ነገ። ክንዱ ላይ የታሰረው የጤና አምባር፣ ማለትም ትንፋሹን የሚቆጥረው ሐኪም፣ ቀልድ አያውቅም፦ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ ባሻ አምቆ የሚሰጠውን ጥቅጥቅ ያለ አየር እየሳበ ካላደረ፣ ነገ መውጣት የለም። ከነገ ወዲያማ ጭራሽ የለም።

አሥር ሰዓት ተኩል ሆኗል።

«ጋሼ፣ ይሄ ድንኳን ጃጅቷል።»

«አብረን ነው ያረጀነው። ተይው፣ አትምቺው።»

«ኧረ አልመታሁትም! አቀፍኩት እንጂ።»

«በእርግጫ ነው የሚታቀፈው?»

ትርንጎ ሳቋን ውጣ የባሻን ሆድ ከፈተች። እግሮቹ ደህና፣ ባትሪው ሙሉ፣ አየር መጭመቂያው ጤነኛ። የተበጠሰው የድምፁ ገመድ ብቻ ነው፤ እሱም ከተበጠሰ ሁለት ዓመቱ። ባሻ ለፍላፊ ስለነበር ማንም ሊያሠራለት አልቸኮለም። ታዲያ አሁን እየተናገረ ቢሆንስ? የጆሮ ማዳመጫዋን ነቅላ ከተበጠሰው ገመድ ጋር አገናኘችና ድምፁን እስከ መጨረሻ ከፈተችው።

«ቤቶች! ቤቶች! የመሸብን የእግዜር እንግዶች ነን፣ አሳድሩን!»

የጎልማሳ ድምፅ ነው፤ ደረቱ ሙሉ፣ ትንፋሽ የማያጥረው። ዝም አለ። ትንሽ ጠብቆ ደገመው።

ጋሽ አዛናው ብድግ አለ።

«ይሄ… እኔ ነኝ።»

«እርስዎ?»

«ባሻ አዲስ ሳለ ከኋላዬ ከኋላዬ ነበር የሚሄደው። ሰው ግቢ ስንደርስ ደጅ ቆሜ እጣራለሁ፤ ግቡ ሳልባል አንዲት ካስማ አልተክልም። አድርግ ብዬ ግን አላስተማርኩትም፤ የሚሰማኝም አይመስለኝም ነበር።»

«እዚህ የማን ግቢ አለና?»

ራሷ ጠይቃ ራሷ ተንበረከከች። ከሁለቱ ድንጋዮች ወዲያ አፈሩን በጣቷ ስትጭር መጀመሪያ አመድ፣ ቀጥሎ በጭስ የጠቆረ ጉልቻ ወጣ። ሁለቱ ድንጋዮች የበር መቃን መቆሚያ ነበሩ። ባሻ ከአፈሩ ሥር ያለውን ቤት በእግሩ አንብቦ ኖሯል።

«እኔ ሳልወለድ የፈረሰ ቤት ይሆናል» አለ ጋሽ አዛናው። «እንግዲህ ማን ይመልስለታል?»

አምባሩ ጮኸ። አሥር ደቂቃ ቀረ።

ትርንጎ ድንጋዮቹን አልፋ ባዶው ሜዳ መሃል ቆመች። አፈረች። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ልክ እንደ ቤቱ እመቤት፦

«ቤት የእግዜር ነው፣ ግቡ! አንተም ባለ ስድስት እግሩ፣ እግርህን ጠርገህ ግባ!»

ባሻ ጎንበስ አለ። አንድ እግር፣ ሁለት እግር፣ ስድስቱንም አስገብቶ እንደ አበባ ተዘረጋ። ጋሽ አዛናው ባርኔጣውን አውልቆ ተከተለ። አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሁለት ደቂቃ ሲቀረው አምባሩ አረንጓዴ በራ።

ጠዋት ገመዱን ስትጠግን ትርንጎ የባሻን መዝገብ አየች። ትናንት፣ መጣራት ከመጀመሩ በፊት፣ አካባቢውን ቃኝቶ እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ «ሰው፦ የለም።»

«ጋሼ፣ እያወቀ ነው እኮ የተጣራው! የሌለን ሰው ያስፈቅዳል እንዴ?»

ሽማግሌው የባሻን ጎን በመዳፉ ዳበሰ።

«እኔ ሰው ሲጠፋ መጣራቱን ተውኩት» አለ። «እሱ አልተወውም።»

እኩለ ቀን ላይ ጫፉ አጠገብ ደረሱ። ጋሽ አዛናው የመጨረሻዎቹን አለቶች ብቻውን ወጣ፤ ማንም እንዲደግፈው አልፈለገም። ትርንጎ ከታች ቆመች። ቤት የለም፣ ጉልቻ የለም፣ ደመና ብቻ። እጆቿን አፏ ላይ አድርጋ ተጣራች፦

«ቤቶች!»

ከላይ፣ በሳቅና በትንፋሽ የተቆራረጠ ድምፅ መጣ።

«ግቡ!»

ከኋላዋ ቆሞ የነበረው ባሻም ይኼኔ እግሩን አነሳ።