ፀሐይ ላይ የሚነበብ ገጽ

ሟቹ ሲገኝ በአንድ እግሩ ነጠላ ጫማ ነበረው፤ ሌላው እግሩ ባዶ ነበር። የቀረው ነጠላ ጫማ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ በረንዳው ብረት ሥር ተደፍቶ ቀርቷል።

«ራሱን ነው የጣለው» አለ ፖሊሱ። «ብዙም የሚያስቸግር ነገር የለውም። ጽፎ ነው የሄደው፤ ኮምፒውተሩ ላይ አለ።»

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ ነጠላ ጫማውን አየችውና ወደ ክፍሉ ገባች። ዕድሜዋ የገፋ፣ ቃሏ ቁጥብ የሆነ ሴት ናት። አብረዋት የሠሩ ሰዎች ስለ እሷ አንድ ነገር ያወራሉ፦ ሰው ተናግሮ ሲጨርስ ወዲያው አትጠይቅም፤ ትንሽ ትጠብቃለች። ብዙ ሰው ዋናውን ነገር የሚያወጣው በዚያች ዝምታ ውስጥ ነው።

ሟቹ የድረ ገጽ ዲዛይነር ነበር። ተቀጥሮ ሳይሆን በግሉ፣ ለክሊኒኩም ለእንጨት ሥራ ቤቱም ለአውቶቡስ ትኬት መሸጫውም ድረ ገጽ እየነደፈ ይኖር ነበር። ግድግዳው በእርሳስ በተሣሉ ሣጥኖችና መስመሮች ተሸፍኗል፤ ወረቀቶቹ አንዱ ከሌላው እኩል ተራርቀው ተለጥፈዋል። ጠረጴዛው ላይ ትልቅ ስክሪን በርቷል። ስክሪኑ ላይ ያለው ሟቹ ለወራት ሲለፋበት የከረመው የራሱ ድረ ገጽ፣ ሥራዎቹን ለሰው የሚያሳይበት ፖርትፎሊዮው ነው። አናቱ ላይ በትልልቅ ፊደል እንዲህ ይላል፦

«ደክሞኛል። እህቴ፣ ይቅር በይኝ። ሥራዬ እዚህ አበቃ።»

መርማሪዋ ይህን አነበበችና ገጹን ወደ ታች ማውረድ ጀመረች። ከእያንዳንዱ ሥራ ሥር የመጀመሪያው የእርሳስ ንድፍ፣ የተሰረዘው፣ እንደገና የተሣለው፣ በመጨረሻም ያለቀው በቅደም ተከተል ተቀምጧል። አንዱንም ሳትዘል ታነብ ነበር።

ፖሊሱ ሰዓቱን አየ። «ከላይ ያለው አይበቃም?»

«ሰው ከታችም ይጽፋል» አለችው፤ እስከ መጨረሻው ወርዳም አነበበች። ከዚያ ዓይኗን ለአፍታ ጨፈነች። ፖሊሱ ደክሟት መሰለው። ለሟቹ ነፍስ መጸለይዋ ነበር።

መሳቢያውን ስትስበው አሮጌ ስልኮች እንደ ማንኪያ ተደርድረው ተኝተዋል። መሀል ላይ የአንዱ ቦታ ባዶ ነው።

«የእሱ ስልክ የት አለ?»

«ጠረጴዛው ላይ፤ ያውና።»

«እሱን አይደለም» አለችና ደረጃውን ወረደች። ሬሳው ከነበረበት ትንሽ ራቅ ብሎ፣ የውሃ መውረጃው በወደቀ ቅጠል ታፍኗል። እጅጌዋን ሰብስባ ቅጠሉን ስትፈትሽ አንድ አሮጌ ስልክ አገኘች። መስታወቱ ተሰንጥቋል፤ ግን በርቷል። ስክሪኑን አየችው፣ ምንም ሳትነካ በጨርቅ ጠቀለለችው፤ ያየችውን ለፖሊሱም አልነገረችውም።

በዚያ ቀን ወደ ክፍሉ የወጡት ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ። የግቢው በር ያለ አከራይዋ ፈቃድ አይከፈትም፤ ሦስቱም መውጣታቸውን አልካዱም። ሦስቱም በሕይወት ትተነው ወረድን አሉ።

መጀመሪያ አከራይዋን አነጋገረች። አሮጊቷ ደረጃው ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነበር።

«ሚሊሜትር ነበር የምንለው፣ ልጄ» አሉ። «አንዲት ምስማር ለመምታት ግማሽ ቀን ግድግዳ የሚለካ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? ምስማሩ ተመታ ስል፣ መልሶ ነቅሎ በትንሹ ወደ ግራ ይላል። ሳቄን ነበር የሚያመጣው።»

«ዛሬ ለምን ወጡ?»

«ውሃ ሊጠፋ ነው፣ ባልዲህን ሙላ ልለው። በረንዳው ላይ ቆሞ በዚያ በፀሐይ ስልክ ያያል። ጥላ አጣህ ወይ አልኩት። ጥላ ውስጥማ ሁሉም ይነበባል አለኝ።» ዝም አሉ። መርማሪዋም ዝም አለች። «እናቱ ገና አላረጀችም» ቀጠሉ አሮጊቷ። «ልጇን ቀብራ ስንት ዘመን ልትኖር ነው?»

ሁለተኛው የቀድሞ አለቃው ነበር፤ የዲዛይን ቢሮ ያለው፣ ኮሌታው የጠበቀ ሰው።

«ጮኼበታለሁ፤ አልደብቅም» አለ ሳይጠየቅ። «እኔ ዘንድ ሳለ የሠራቸውን ከገጽህ አውጣ አልኩት። ደንበኞቼን ይዞ እንዳይሄድ ፈርቼ ነው። እሺ አለኝ። እሺ ሲል ነው የሚያናድደው።»

«ይህ የክሊኒኩ ገጽ የእርስዎ ነው?»

«አይ፣ ከወጣ በኋላ የሠራው ነው።»

«የቀጠሮ መያዣው ቁልፍ ለምን እታች ሆነ? ሌሎቹ ገጾች ላይ እላይ ነው።»

አለቃው ፈገግ ሊል ፈልጎ አልሆነለትም። «ልጅ የታቀፈች ሴት ስልክ የምትይዘው በአንድ እጇ ነው። አውራ ጣቷ እላይ አይደርስም። እናቱ ታማ ክሊኒክ በተመላለሰ ጊዜ ወረፋ ላይ ቁጭ ብሎ ያየው ነው። ሲነግረኝ እውነቱን ለመናገር ቀናሁ።»

ሦስተኛው ጓደኛው ነበር፤ ደንበኛ የሚያፈላልግለት፣ ሥራውን ይዞ ስብሰባ የሚገባለት ሰው። ከጠዋት እስከ ማታ ስለሚያወራ ሬዲዮ ይሉታል። ዓይኑ በለቅሶ ቀልቷል።

«ወንድሜ ነበር» አለ። «ለዓመታት አንድ ላይ ነን። እኔ አፉ ነኝ፣ እሱ እጄ ነው። ዛሬ ቻርጀሩን ልመልስለት መጣሁ። ፊቱን ሳየው ከፋኝ። አይዞህ፣ ሁሉም ያልፋል አልኩት። እኔ ከሰኞ ጀምሮ ትልቅ ድርጅት ውስጥ የዲዛይን ኃላፊ ሆኛለሁ፤ አንተንም እስብሃለሁ አልኩት። አልተደሰተም። አሁን እህቱን ምን ብዬ እንደማያት አላውቅም። በየጠዋቱ በስልክ ሳያወሩ አይውሉም ነበር።»

«ኃላፊ ሲያደርጉህ የትኛውን ሥራ አሳየሃቸው?»

«ሁሉንም። የክሊኒኩን፣ የትኬቱን… ሁሉም የሁለታችን ነው።»

«የክሊኒኩ ቁልፍ ለምን እታች ሆነ?»

«ለውበት ነዋ። እታች ሲሆን ገጹ ይተነፍሳል።»

መርማሪዋ ትንሽ ጠበቀች። ሬዲዮ ስለ ገጽ አተነፋፈስ ብዙ ነገራት።

እናቱ የደረሰችው ሁሉም ከሄዱ በኋላ ነው። የአውቶቡስ መናኸሪያ ውስጥ፣ ደጅ ላይ ቆማ ትኬት የምትቆርጥ፣ ፊቷን ፀሐይ ያጠቆረው ሴት ናት። ገና በልጅነቷ ነው የወለደችው። ወንበሩ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች፤ እንደሚሰበር ዕቃ።

«ራሱን ጣለ ይሉኛል» አለች። «እውነት ከሆነ አትደብቂኝ። ትቶኝ ከሄደ፣ ጸሎቴን በየት በኩል እንደምጀምር ልወቅ። ከሰማሁ ጀምሮ አፌን እከፍታለሁ፤ ምን እንደምለምን ግን ግራ ገባኝ።»

«መጨረሻ ያወራችሁት መቼ ነው?»

«ዛሬ ጠዋት። “እትዬ፣ ዛሬ ገጹን እከፍተዋለሁ፤ ማታ መጥቼ አሳይሻለሁ” አለኝ። ሁልጊዜ እንዲያ ነው። መናኸሪያው ድረስ ይመጣና ያንን አሮጌ ስልክ እጄ ላይ ያደርጋል። “ይነበባል ወይ?” ይለኛል። ይነበባል ካልኩት በቃ፤ ካላልኩት ደግሞ ተመልሶ ያፈርሰዋል።»

መርማሪዋ እጇን በእናትየው እጅ ላይ አደረገች። «ነገ ቀን ላይ እዚህ ይምጡልኝ። ማን እንደሆኑ ግን ለማንም አይንገሩ፤ ዝም ብለው ይቀመጡ።»

በማግሥቱ ፀሐይ በረንዳው ላይ ስትደርስ ሁሉም ክፍሉ ውስጥ ነበሩ። አከራይዋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። አለቃው ግድግዳውን ተደግፎ የእርሳስ ንድፎቹን ያያል። ፖሊሱ በሩ አጠገብ ቆሟል። እናቱ ከስክሪኑ ፊት ለፊት ናት። ሬዲዮ በመጨረሻ ገባ፤ እናቱን ሲያያት ቀጥ ብሎ ሄዶ ሁለት እጇን ያዘ።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ» አላት። «ወንድምሽ ለእኔም ወንድሜ ነበር።»

አከራይዋ ቀና አሉ። አለቃው ከግድግዳው ዞረ። እናቱ እጇን አላስለቀቀችም፤ ግራ ገብቷት ወደ መርማሪዋ አየች።

«ሁላችሁም ሰምታችኋል» አለች መርማሪዋ። «ተቀመጥ፣ ሬዲዮ። ከአንድ ነጠላ ጫማ ልጀምር። ለመሞት የቆረጠ ሰው ብረቱን ተሻግሮ ይዘላል፤ ወይ ጫማውን ያወልቃል፣ ወይ ተጫምቶ ይሄዳል። የዚህ ሰው አንዱ ከእግሩ ተንሸራቶ ብረቱ ሥር ቀርቷል። እግሩ ከመሬት የተነሣው ሳያስበው ነው ብዬ ጠረጠርኩ።»

«ጥርጣሬ እኮ…» አለ ሬዲዮ።

«አዎ፣ ጥርጣሬ ብቻ ነው። ስለዚህ ባዶውን የስልክ ቦታ አየሁ።» ከጨርቁ ውስጥ የተሰነጠቀውን ስልክ አወጣች። «ይህ ከእጁ ላይ ነው የወደቀው። አከራይዋ እንዳዩት፣ ፀሐይ ላይ ቆሞ ገጹ ይነበብ እንደሆነ ይሞክር ነበር። ስልኩ ላይ ያለው ገጽ ሲወድቅ እንደተከፈተ ነው፤ አልነካሁትም። እዚህ ላይ “ደክሞኛል” የሚል የለም። ሊሞት የተነሣ ሰው ፊደሉ ለሌላ ሰው ዓይን ይታይ እንደሆነ አይጨነቅም።»

ከመሳቢያው ሌላ ትንሽ ስልክ አነሣችና አሁን ያለውን ገጽ ከፈተችበት። የስንብቱ ቃል ከስክሪኑ ጠርዝ አልፎ ወጥቷል፤ መጨረሻው ላይ «አበ» ብሎ ተቆርጧል።

«ሚሊሜትር ለሞቱም ቢሆን እንዲህ አይጽፍም» አሉ አከራይዋ፤ ማንም አልሳቀም።

«አይጽፍም» አለች መርማሪዋ። «እሱ ከወደቀ በኋላ፣ ኮምፒውተሩ እንደበራ ያገኘ ሰው በትልቁ ስክሪን ላይ ጽፎት ወረደ። ማን? ያ ሰው “እህቴ፣ ይቅር በይኝ” ብሏል።» ወደ እናቱ ዞረች። «ስንት ልጆች አሉዎት?»

«እሱ ብቻ» አለች። «ሌላ አልወለድኩም። አባቱም ያለ እሱ ልጅ አልነበረውም።»

አከራይዋ ዓይናቸውን ወደ ሬዲዮ መለሱ።

«ሟቹ እህት የለውም። የጻፈው ግን አለው ብሎ የሚያምን ሰው ነው። አከራይዋ እናቱን ያውቃሉ። አለቃው እናቱ ስትታመም ያውቃል። አንተ ግን ትናንት እህቱን ምን ብዬ ልያት አልከኝ፤ አሁን ደግሞ ወንድምሽ አልካት።»

«እትዬ ሲላት ነው የምሰማው» አለ ሬዲዮ፤ ድምፁ ቀጥኗል። «በየቀኑ እትዬ፣ እትዬ። ማንስ ቢሆን ታላቅ እህቱ ናት አይልም? መሳሳት ወንጀል ነው?»

«አይደለም። ግን ያው ስሕተት ሁለት ቦታ ተገኘ፤ አንዱ በአፍህ፣ አንዱ በስክሪኑ። ምክንያቱም እዚሁ አለ።» የእርሳስ ንድፎቹን አሳየች። «ያለቀውን ሥራ የእኔ ነው ማለት ይቻላል፤ የተሰረዘውን ማን የእኔ ነው ይላል? ይህ ገጽ በተከፈተ ቀን አዲሶቹ አለቆችህ ማን እንደሠራው ያዩ ነበር።»

ሬዲዮ የእርሳስ ንድፎቹን አየ። ሲያወራ እንደ ሌላ ሰው ነበር።

«ሁለት ፊደል ነው የለመንኩት» አለ። «“ሠራሁት” የሚለውን “ሠራነው” በለው አልኩት። ሌላ ምንም። ዓይኑን ከዚያ ስልክ ላይ እንኳ አላነሣም። “አልሠራነውማ” አለኝ። እንዲሁ፣ ሳይቆጣ። እጄ ቀደመኝ።»

ፖሊሱ ተጠጋው። መርማሪዋ ግን እጇን አነሣችና ትልቁን ገጽ ወደ ታች፣ እስከ መጨረሻው አወረደችው። «ስለ እኔ» ይላል እዚያ። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች፦

«“እናቴን እትዬ ነው የምላት። አያቴ ቤት ከእናቴ ታናናሾች ጋር ስላደግሁ እነሱ እንደሚጠሯት ለመድኩ። እሷ ደጅ ስለምትሠራ ስልኳን የምታየው ፀሐይ ላይ ነው። ስለዚህ የምሠራውን ሁሉ መጀመሪያ የምታነበው እሷ ናት።”»

ወደ ሬዲዮ አየች። «ከላይ ጻፍክ እንጂ እስከ ታች አላነበብክም። ለዓመታትም አጠገቡ ተቀምጠህ፣ እትዬ ማን ናት ብለህ አልጠየቅከውም።»

ሲወስዱት አከራይዋ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። አለቃው ኮሌታውን ፈታ።

እናቱ የተሰነጠቀውን ስልክ ይዛ ወደ በረንዳው ወጣች። መርማሪዋ አልከለከለቻትም፤ ከኋላዋ ሆና ጠበቀች። ፀሐይዋ ብረቱን አግላዋለች። እናቱ ስልኩን ዘወር አደረገችው፣ ጠጋ አደረገችው፣ እንደ ልማዷ አንድ ዓይኗን ጨፈነች። ከስንጥቁ ሥር ያለውን ጽሑፍ ቃል በቃል እያነሣች አነበበች።

«እንኳን… ደህና መጡ። እዚህ ያለውን… ሁሉ… እኔ ሠራሁት።»

ከንፈሯ ለብቻው ሲንቀሳቀስ ቆየ። ጸሎቷ መጀመሪያውን አግኝቶ ነበር። ስትጨርስ ስልኩን በእጅጌዋ ጠረገችው።

«ይነበባል፣ ልጄ» አለች።